ስቴብል ላይ ፓኬጅ ቢልድ አልሆን ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ዴቢያን ስቴብል ፓኬጆች ለተነሱ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ዴቢያን የሊኑክስ ስርጭት ነው፤ ስቴብል የተለቀቀው የተረጋጋ ቅጂው ነው፤ ቢልድ ማለት ደግሞ ከኮዱ ተነስቶ ፓኬጁን መሥራት ነው።

ኮዱን ማንም አልነካውም። ሲለቀቅ ቢልድ ይሆን ነበር። ዛሬ ለምን ይወድቃል?

ኮዱ ባይነካም ቀኑ ይሄዳል። ብዙ ፓኬጆች ቢልድ ሲሆኑ ቴስቶቻቸውም አብረው ይካሄዳሉ። እዚያ ውስጥ ለሙከራ ብቻ የተቀመጠ ሰርቲፊኬት (የሚያበቃበት ቀን ያለው ዲጂታል ማረጋገጫ) ሊኖር ይችላል። ጊዜው ያለፈበት ዕለት ቴስቱ ይወድቃል፣ ቢልዱም እዚያው ይቆማል። ፕሮግራሙ ራሱ ግን ደህና ነው። ለማረጋገጥ በፌክታይም (ለፕሮግራም የውሸት ቀን የሚያሳይ መሣሪያ) ቀኑን ወደ ልቀቱ ጊዜ መልሱትና ድጋሚ ሞክሩ። ለዴቢያን 12 ከሆነ፣ ጁን 2023 ማለት ነው። ያኔ ካለፈ ነገሩ የቀን ጉዳይ ነው።

እኔ ጋ ይወድቃል፣ ሌላው ጋ ያልፋል። ማንን ልመን?

ሁለታችሁንም። መጀመሪያ ንጹህ ክሩት (ከማሽኑ የተነጠለ የፋይል ሥርዓት) ውስጥ በኤስቢልድ፣ ማለትም በዴቢያን የቢልድ መሣሪያ፣ ሞክሩት። ከዚያ የኮር ብዛትና ሚሞሪ አወዳድሩ፤ አንድ ኮር ላይ ብቻ የሚወድቅ ቴስት አለ፣ ብዙ ኮር ሲያገኝ የሚምታታም አለ። ኢንተርኔት ካልተገናኘ የሚወድቅ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፓኬጁ ነው። የዴቢያን ፖሊሲ በቢልድ ጊዜ ኔትወርክ መጠቀምን ይከለክላል።

ቢልድ የሆነው ፓኬጅ ሰው እጅ ገብቷል፣ ይሠራል። ምን አስጨነቀን?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳል፤ እኔ ግን በጣም ያስጨንቀኛል። ነገ የደኅንነት ክፍተት ቢገኝ ፓቹ (የሚያስተካክለው ለውጥ) ምናልባት አንድ መስመር ነው። ያንን መስመር ለተጠቃሚው ለማድረስ ፓኬጁ እንደገና ቢልድ መሆን አለበት። ያን ቀን ቢልዱ እምቢ ካለ፣ ጥድፊያው ውስጥ ሆናችሁ የሁለት ዓመት ቴስት ስትፈቱ ታመሻላችሁ። ዴቢያን ይህን ባግ (ችግር) «ሲሪየስ»፣ ማለትም ከባድ፣ ደረጃ የሚሰጠው በከንቱ አይደለም።

ቴስቶቹን በሙሉ ብዘጋቸውስ?

ችግሩን ለመለየት ከሆነ ምንም አይደለም። ለመላክ ግን አይሆንም። የወደቀውን አንዱን ብቻ ዝለሉ፣ ምክንያቱንም ፓቹ ላይ ጻፉ።

አዲሱን ቨርዥን ብልክ አይቀልም?

ለእናንተ ይቀላል፤ ስቴብል የሚጠቀመው ሰው ግን የመረጠው እንዳይቀየርበት ነው። መጀመሪያ አንስቴብል (አዳዲስ ቨርዥኖች የሚገቡበት የልማት ቅጂ) ላይ ይስተካከል። ከዚያ ያንን ማስተካከያ ብቻ ነጥላችሁ፣ የለውጡን ዲፍ ለሪሊዝ ቲሙ አቅርቡ። ከተፈቀደ ቀጣዩ ፖይንት ሪሊዝ (ማስተካከያዎች ተሰብስበው የሚወጡበት የስቴብል እድሳት) ላይ ይወጣል፤ በግምት በየሁለት ወሩ አንድ አለ።

ዴቢያን 12 ላይ ያለን ፓኬጅ በጂሲሲ 14 ኮምፓይለር ስሞክረው ወደቀ።

ያ የዴቢያን 12 ባግ አይደለም። ጂሲሲ 14 ድሮ ማስጠንቀቂያ ብቻ የነበሩ ነገሮችን ስህተት አድርጓቸዋል። ልቀቱን በራሱ ኮምፓይለር መዝኑት።

ባግ ስከፍት ምን ላያይዝ?

ሙሉውን ሎግ። የመጨረሻዎቹ አሥር መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ «ቢልዱ ወድቋል» ከማለት አያልፉም፤ እውነተኛው ስህተት ብዙ መስመር ወደ ላይ ነው። የኮሩን ብዛትና ቢልድ ያደረጋችሁበትን ቀንም ጨምሩበት።