መስመሩን አሳምሪው እንጂ ልጅቷን አታስለቅሻት

በዚህ ወር ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጡልን ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ ነገር ናቸው፣ ስለ ሴት ልጆች ፀጉር። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ እንቁጣጣሽም ደርሷል፣ አበባየሆሽ ምትጨፍር ልጅ ሁሉ ሹሩባ ትፈልጋለች፣ እኔም ፀጉር ቤት ከትልልቆቹ ይልቅ እግራቸው መሬት የማይነካ ደንበኞች በዝተዋል። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ ሰላም እታለም እንዴት ነሽልኝ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው፣ ፀጉሯ ማሻአላህ ጥቅጥቅ ያለ ነው ግን እኔ ማውቀው ሁለት ቦታ ከፍሎ መጎንጎን ብቻ ነው። የሰፈር ልጆች ዚግዛግ ምናምን ልብ ምናምን ተሠርተው ሲመጡ ታለቅስብኛለች። በየሳምንቱ ፀጉር ቤት ልውሰድሽ እንዳልላት ዋጋው አይቀመስም። እኔው ቤት ውስጥ ልሠራት ምችለው የሚያምር ነገር አለ? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ አለ እንጂ የኔ እናት። ሰው አይቶ «ውይ ሲያምር» የሚለው መስመሩን ነው። ሹሩባው ጠበቀ ላላ ከሩቅ ማንም አያውቅም፣ ቆዳዋ ላይ የወጣው መስመር ጥርት ካለ ግን ተራ ጉንጉን እንኳ የሳሎን ይመስላል። እኛ ፀጉር ቤት ምናስከፍልሽ ግማሹ ለመስመር ነው (ባልደረቦቼ እንዳይሰሙኝ)። ስለዚህ ጭራ ያለው ማበጠሪያ ግዢ፣ ከሱ ሌላ ምንም ውድ ነገር አያስፈልግሽም።

መጀመሪያ እጥበቱ። ደሴን ታውቂያታለሽ፣ በዚህ ሰሞን ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ጉም እስኪገፈፍ ረፋድ ይሆናል፣ ማታ ማጠብ ይቅርብሽ፣ ፀሐይ ወጣ ሲል እጠቢያትና ደጅ አስቀምጫት ይድረቅ። እርጥቡን መሥራት የሚወዱ አሉ፣ ስለሚታዘዝላቸው፣ ግን እርጥብ ፀጉር ሲሳብ ይለጠጣል ሲደርቅ ደሞ ይሰበሰባል፣ ጠበቅ አድርገሽ ከሠራሽው ማታ ላይ ጭንቅላቷን ወጥሮ ይይዛታል፣ ውስጡም ታፍኖ መሽተት ይጀምራል። የሚፈለገው ወዝ ያለው፣ ሲነካ ለስለስ የሚል፣ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ ፀጉር ነው። ስታበጥሪ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ሥር ውጪ፣ የተቋጠረ ቦታ ስታገኚ ከቋጠሮው በላይ ያለውን በሌላ እጅሽ ጨብጠሽ ያዢው፣ እንደዛ ከያዝሽው ቆዳዋ አይሳብም፣ እሷም አትጮህም።

አሁን ወደ ዲዛይኑ። ከአንዱ ጆሮ ጫፍ ተነስተሽ በአናቷ ላይ አሳልፈሽ እስከሌላኛው ጆሮ መስመር አውጪ። ከመስመሩ ኋላ ያለውን እንዳያስቸግርሽ ሰብስበሽ እሰሪው። ፊተኛውን ከግንባሯ መሃል ጀምረሽ የማበጠሪያውን ጭራ ከቆዳዋ ሳታነሺ አንድ ጣት ስፋት ወደ ቀኝ አንድ ጣት ስፋት ወደ ግራ እያልሽ ወደኋላ ውሰጂው፣ ይኸው ዚግዛግ። ግራና ቀኙን ደሞ እያንዳንዱን ለሁለት ክፈይው፣ 4 ሹሩባ ይወጣዋል፣ ለጀማሪ ከዛ በላይ አትሂጂ። ልብ ቅርጹን ለጊዜው ተዪው፣ እጅ ሲፈታ ይደረስበታል።

ሹሩባውን ስትጀምሪ ከግንባሯ ትንሽ ፀጉር ወስደሽ ሦስት ቦታ ክፈይው፣ የዳር የዳሩን በመሃለኛው ሥር እያሳለፍሽ ሁለቴ ሦስቴ ጎንጉኚው፣ ከዛ በኋላ በየመታጠፊያው ከሥሩ ካለው ፀጉር ትንሽ ትንሽ እያነሳሽ ጨምሪበት። ምትጨምሪው መጠን እኩል ከሆነ ሹሩባው ቀጥ ይላል፣ አንዴ ብዙ አንዴ ጥቂት ካነሳሽ ይጎብጣል። እጅሽ ከቆዳዋ አይራቅ፣ ወደ ላይ እየሳብሽ ከሠራሽ ሹሩባው ይንጠለጠላል። ግንባሯ ላይ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች አውቀሽ ላላ አድርጊያቸው፣ እዛ ያለው ፀጉር ስስ ነው። ስትጨርሺ ቅንድቧን ወደ ላይ ወደ ታች እንድታደርግ ንገሪያት፣ ግንባሯ ከተወጠረ ፍቺውና እንደገና ጀምሪ፣ ይደክምሻል አውቃለሁ፣ ቢሆንም ፍቺው።

ከኋላ ያለውን በካሬ በካሬ ከፍለሽ ግመጂው (አገማመዱን ከታች ለኮምቦልቻው አባት ነግሬዋለሁ)፣ የፊቶቹም 4 ሹሩባዎች ጫፋቸው ከነሱ ጋር ይቀላቀላል። ለእንቁጣጣሽ ከሆነ ደሞ ግማደቱን ትተሽ የኋላውን ፈትተሽ ማበጠር ነው፣ ፊቱ ተሠርቶ ኋላው ትከሻዋ ላይ ሲበተን የጥንቱን የሹሩባ መልክ ይይዛል። አልባሶ የሚባለው ወፍራምና ቀጭን እየተፈራረቀ የሚሠራው ለቀሚስ የሚያምር ነው ግን ለ7 ዓመት ልጅ ይከብዳታል ባይ ነኝ፣ ለትልቅ ሴት ነው ሞገሱ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው። እናቷ ለሥራ አረብ አገር ከሄደች ወዲህ ልጄን ይዤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ 4 ዓመቷ ነው። ጎረቤት ያሉ ሴቶች እየሠሩልኝ ነበር ግን ሁሌ ሰው ማስቸገር ከበደኝ። የሰው ሳቅ አያስጨንቀኝም፣ በጭራሽ አላውቅበትም እንጂ። እሷ ደሞ 5 ደቂቃ አትቀመጥም። ፀጉሯ አጭርና ለስላሳ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ወንድሜ እጅህ ይባረክ። ላንተ ሹሩባ አያስፈልግህም፣ ግማደት ነው ምታስተምረው ለእጅህ፣ አሁን ልጆቹ ትዊስት ይሉታል። ገመድ ገምደህ ታውቃለህ? ያው ነው። አንድ ካሬ ፀጉር ትይዝና ለሁለት ትከፍለዋለህ፣ ሁለቱንም ለየብቻ ወደ ቀኝ ታጠማዝዛቸዋለህ፣ ከዛ አንዱን ባንዱ ላይ ወደ ግራ እየጠመጠምክ እስከ ጫፍ ትወርዳለህ። ሚስጥሩ አቅጣጫው ነው፣ ሁለቱንም ነገር ወደ አንድ ጎን ካደረግከው ገና ሳትለቀው ይፈታል፣ በተቃራኒ ከሆነ ግን አንዱ አንዱን ይቆልፈዋል። ጫፉን ትንሽ ቅባት ነክተህ ጣትህ ላይ ጠቅለል አድርገህ ልቀቀው፣ ላስቲክ እንኳ ላያስፈልግህ ይችላል።

አጭር ፀጉር ላይ ካሬው አነስ ይበል፣ ግን በጣም አታብዛው፣ ጭንቅላቷ ሙሉ 10 ወይ 12 ቢሆን ይበቃል። ካሬዎቹን እንደ ጡብ አሰላልፋቸው፣ የላይኛው መስመር የታችኛው ካሬ መሃል ላይ ይውደቅ፣ እንደዛ ሲሆን ግማደቶቹ አንዱ ባንዱ ክፍተት ላይ እየወደቁ ቆዳዋ ገላጣ አይሆንም። ይቺን ብቻ ካወቅክ ጎረቤቶችህ አንተ ጋ መምጣት ይጀምራሉ።

አትቀመጥም ላልከው፣ ማንም የ4 ዓመት ልጅ አይቀመጥም እኮ። ጉልበትህ መሃል አስቀምጣት፣ የምትበላው ነገር ወይ ካርቱን ስጣት፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ነገ ብትሠራው ምን ቸገረህ፣ ግማሹን ኮፍያ አድርጋ ትደር። በግድ ይዘሃት ከሠራህ ግን ማበጠሪያ ባየች ቁጥር ምትሸሽ ልጅ ነው ምታሳድገው።

ሌላው ያገራችሁ ሙቀት ነው። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሲያበቃ ኮት የሚወልቅበት አገር ናችሁ፣ ልጅ ደሞ ሲሯሯጥ ይውላል፣ ላብና አቧራ መስመሩ ላይ ይከማቻል። ደሴ 2 ሳምንት የሚቆየው እናንተ ጋ በሳምንቱ ቢፈታ ይሻላል። መሃል ላይ ካሳከካት ሻምፖ በውሃ አቅጥነህ በጠርሙስ መስመር ለመስመሩ አንጠባጥብና በጣትህ ጫፍ አሽተህ አለቅልቃት፣ ግማደቱ ብዙ አይበላሽም። ቀጫጭን ላስቲክ ከተጠቀምክ ደሞ ስትፈታ አትጎትተው፣ በመቀስ ቁረጠው፣ የፀጉርን ጫፍ የሚበላው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ዓመቷ ነው፣ ከ3 ዓመቷ ጀምሮ ሹሩባ ስትሠራ ነው ያደገችው። አሁን ግንባሯና ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር ሳሳብኝ፣ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ሽፍታም ወጣባት። አክስቷ ዓይን ነው ትላለች፣ ሠሪዋ ደሞ ጠበቅ ካላለ አይቆይም ትለኛለች። ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ዓይን አይደለም እህቴ፣ ውጥረት ነው። ፀጉር ለረጅም ጊዜ እየደጋገመ ሲወጠር ሥሩ ይጎዳል፣ መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ላይ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ይወጣል፣ ከዛ ይሳሳል። የሚጀምረውም አንቺ ባልሽበት ቦታ ነው፣ ግንባርና ጆሮ ግንድ አካባቢ፣ ፀጉሩ ስስ የሆነበትና ሠሪዎች አጥብቀው ሚጀምሩበት ቦታ ስለሆነ። ደስ የሚለው በጊዜ ከተተወ ይመለሳል። ዝም ከተባለ ግን የፀጉሩ መብቀያ ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል፣ ያኔ ቅባቱም ቅቤውም ምንም አያመጣም።

አሁኑኑ ፍቺው። ሦስት አራት ወር ጠርዙን የሚስብ ምንም ነገር አይሠራ፣ ወደኋላ ጥብቅ አድርጎ በላስቲክ ማሰርም ያው ውጥረት ነው፣ ላላ ያለ ግማደት ወይ ዝም ብሎ ተበጥሮ ይቀመጥ። ፀጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው ሚያድገው፣ ስለዚህ በ2 ሳምንት ለውጥ አላየሁም ብለሽ አትረበሺ። ሽፍታው መግል ከያዘ፣ ወይም የሳሳው ቦታ ቆዳው ልስልስ ብሎ ማብረቅ ከጀመረ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጃት።

ለሠሪዋ ደሞ እኔ ልመልስላት። ጠበቅ ካላለ አይቆይም ያለችው ልክ ነው፣ አይቆይም። ታዲያ ምን ይጠበስ፣ የልጅ ሹሩባ አንድ ሳምንት አምሮ 10 ቀን ቆይቶ ቢፈታ በቂ ነው። ልጅን ለ2 ወር ሠርቶ መልቀቅ ለእናት እረፍት ነው እንጂ ለልጅቷ ምንም አይጠቅማትም። ከተሠራች በኋላ ማታ ራሴን አለች ተብላ ማስታገሻ ውጣ ምትተኛ ልጅ አይቻለሁ፣ «ቻይው፣ ታምሪያለሽ» እየተባልን ስላደግን ነው መሰለኝ ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። ካመማት ጠብቋል፣ አለቀ።

አንድ ነገር ላይ ግን እንዳትደነግጪ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል፣ ሹሩባ ውስጥ ያለው መውደቂያ አጥቶ እዛው ይቆያል፣ ስትፈቺው የ2 ሳምንቱ በአንዴ እጅሽ ላይ ሲመጣ ጉድ ያሰኛል፣ እሱ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ዶቃና ዊግ ለ5 ዓመት ልጅ ችግር አለው? ደሞ ቁርአን ቤት ስትሄድ ሂጃብ ስለምታደርግ የተሠራችው ሁሉ ይጨፈለቅባታል።

መልስ፦ ዶቃ ይቻላል፣ ቀለል ያለና ጥቂት ከሆነ፣ በየጫፉ 2 ወይ 3። ሹሩባው ከሥሩ ቀጭን ሆኖ ዶቃው ከበዛ ክብደቱ ቀኑን ሙሉ ይስባታል። ከ3 ዓመት በታች ላለች እህቷ ግን በፍጹም፣ ተፈቶ አፏ ይገባል ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ዊግ ለልጅ አልወድም፣ የግድ ካልሽ ለሠርግ ወይ ለበዓል ለጥቂት ቀን በቀጭኑ ይቀጠልና ይፈታ። በዊግ ፋንታ ባለ ቀለም ክር ከግማደቱ ጋር አብሮ ቢገመድ ያምራል፣ አይከብድም፣ ርካሽም ነው።

ለሂጃቡ ሁሉንም ሹሩባ ከፊት ወደ ማጅራት ቀጥ አድርገሽ ሥሪና ጫፎቹን ታች ላይ ባንድ ሰብስቢያቸው፣ አናት ላይ ቋጠሮ አይኑር። ከሥር ሳቲን ነገር ብታደርጊላት ጨርቁ ፀጉሯን አይፍቀውም። እርጥብ ፀጉር ላይ ግን ሂጃብ አታልብሺያት።

ጥያቄ፦ ቅቤ ይቀባ አይቀባ? አማቴና እኔ ተጣልተንበታል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ቅቤ ፀጉር ውስጥ ያለውን እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ራሱ ግን እርጥበት አይሰጥም፣ ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ ከመለጠፍ ውሃ ነካ ነካ አድርጎ መቀባት ነው። ለጋውን፣ ጨው የሌለውን፣ ቅዳሜ ቀብተሽ እሁድ እጠቢላት፣ ሰኞ ክፍል ውስጥ አይሸታትም። ፎረፎር ካለባት ግን ይቅር፣ ይብስባታል። አማትሽን በኔ ስም ይቅርታ በያቸው።

ጥያቄ፦ ፀጉር ቤት ከተሠራች በኋላ ጭንቅላቷ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሯ ተመለጠ። ሌላዋ ልጄ ደሞ ቅማል ይዛ መጣች። ማንን ልውቀስ?

መልስ፦ ክብ ክብ የሚለው ቆረቆር ሳይሆን አይቀርም። በማበጠሪያና በኮፍያ የሚተላለፍ ፈንገስ ነው፣ በሚቀባ ብቻ አይድንም፣ ሐኪም አይቶ የሚዋጥ መድኃኒት ያዝላታል፣ ሕክምናውም ሳምንታት ይፈጃል፣ መመለጡ ቆመ ብለሽ መሃል ላይ እንዳታቋርጪው። እስክትድን ሹሩባ የለም። ለቅማሉ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ግዢ፣ ቅጫሙን በቀጭን ማበጠሪያ ልቀሚ፣ እንቁላሉ በሳምንት በ10 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል በመመሪያው ላይ በተጻፈው ቀን ድገሚው፣ የቤቱም ሰው ሁሉ አብሮ ይታይ። ለመውቀሱ፣ ከየት እንደያዛት በምን ይታወቃል፣ ከትምህርት ቤትም ከአልጋም ይሆናል። ከዚህ በኋላ ግን የራሷን ማበጠሪያ ይዘሽ ሂጂ፣ በዚህ ምትቆጣ ሠሪ ካጋጠመችሽ ቀጥሎ ያለው በር ሌላ ፀጉር ቤት ነው።