ያደረ ቼንሶ ጧት በቤንዚን ታፍኖ ሲገኝ
(የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ደሴ ነው፤ በኩታበርና በዙሪያው ባሕር ዛፍ እየቆረጥሁ ቤተሰቤን አስተዳድራለሁ። ቼንሶዬን (የሞተር መጋዜን) ከገዛሁት አራት ዓመት ሆኖኛል። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ቀን ደህና ሠርቶ ያድርና ጧት ስመለስበት ከሥሩ ቤንዚን አንጠባጥቦ፣ የአየር ማጣሪያው ርሶ አገኘዋለሁ፤ ካንዴላውም ሲፈታ በነዳጅ እንደራሰ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ ታንኩን ሞልቼ በጭነት መኪና የሐረጎን አቀበት ወጥቼ ደሴ ስደርስ፣ ጭራሽ የማስነሻው ገመድ አልሳብ አለኝ። አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ ዘንድ ብወስደው «ተንሳፋፊው ተበላሽቷል» ብሎ ሁለቱን ማስተካከያ ብሎኖች ጠበቅ ጠበቅ አደረጋቸው፤ ለውጥ ግን አላየሁም። አሁን ሁሉም አዲስ ካርብሬተር ግዛ ይለኛል። ልግዛ ወይስ ይጠገናል?
— ከደሴ

መልስ፦ አብሽሩ። ከጻፉልን ዝርዝር ተነሥተን ስናየው ካርብሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚደባልቀው ክፍል) የሚጠገን ይመስለናል፤ ገንዘብዎን ለአዲስ ከማውጣትዎ በፊትም የሚከተለውን በጥሞና እንዲያነቡልን እንለምንዎታለን።

መካኒኩ ስለ ተንሳፋፊ የተናገረው ከሞተር ሳይክል ልምዱ ተነሥቶ ነው። በሞተር ሳይክል ካርብሬተር ውስጥ ቤንዚኑ በትንሽ ጽዋ ይጠራቀማል፤ በላዩ ያለው ተንሳፋፊም ከፍ ሲል መርፌውን ይዘጋዋል። ቼንሶ ግን እየተጋደመና እየተዘቀዘቀ የሚሠራ መሣሪያ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጽዋ አይስማማውም፤ በምትኩ ሁለት ስስ ዲያፍራሞች (ተለጣጭ ሽፋኖች) ተሰጥተውታል። አንደኛው በሞተሩ የውስጥ ግፊት እየተርገበገበ ቤንዚኑን ከታንኩ የሚስብ የፓምፕ ዲያፍራም ነው። ሁለተኛው መጠን ተቆጣጣሪ ነው፤ ሞተሩ ነዳጅ ሲጠባ ወደ ውስጥ ይሳብና አንዲት ትንሽ የብረት ማንሻ ይጫናል፤ ማንሻዋም በሌላው ጫፏ መርፌውን ከመቀመጫው ታነሣውና ቤንዚን ይገባል። መጥባቱ ሲቆም ከማንሻዋ ሥር ያለችው ሞላ መርፌውን መልሳ ትዘጋዋለች። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ ባደረበት ሌሊት የታንኩን ቤንዚን ከሲሊንደሩ የሚያግደው ከስንዴ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ይህ መርፌ ብቻ ነው።

የእርስዎ ቼንሶ የሚያንጠባጥበው ቆሞ ሲያድር መሆኑ ምርመራውን በእጅጉ ያቃልለዋል፤ ጥርጣሬያችን በቀጥታ በመርፌው ላይ ይወድቃል። መካኒኩ ያጠበቃቸው ኤች እና ኤል የሚባሉት ብሎኖች ሞተሩ እየሠራ የሚጠባውን መጠን ይወስናሉ እንጂ የሚያሳልፍን መርፌ አይዘጉም። እንዲያውም ከልክ በላይ ከጠበቁ ቤንዚኑና አብሮት የተደባለቀው ዘይት ለሞተሩ ስለሚያንሱት ፒስተኑን ለማቃጠል ይዳርጋሉ፤ እባክዎ ጥገናው ተጠናቆ በትክክል እስኪስተካከሉ ድረስ በጠበቁበት ሁኔታ አይሥሩበት።

የሐረጎው ነገር ለብዙ የወሎ ቆራጮች የሚደርስ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ታችኛው አገር ላይ ሞልተው ክዳኑን ሲዘጉ በታንኩ ውስጥ የኮምቦልቻን አየር አብረው ይዘጉበታል። የታንኩ መተንፈሻ አየር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ እንጂ ነዳጅ ወደ ውጭ እንዳያፈስ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ወደ ላይ እየወጡ ሲሄዱ የውጭው አየር ይሳሳል፤ የውስጡ ግፊት ግን ባለበት ይቆያል። በዚያ ላይ መሣሪያው በመኪናው ላይ ፀሐይ ሲመታው ቤንዚኑ ይተንና ግፊቱ ይጨምራል። ጤነኛ መርፌ ይህን ሁሉ ይችለዋል፤ ያረጀው ግን ተሸንፎ ቤንዚኑን ወደ ሲሊንደሩ ያሳልፈዋል። ገመዱ አልሳብ ያለዎት ፒስተኑ ሊታመቅ የማይችል ፈሳሽ ስለገጠመው ነው። በዚህ ጊዜ በጉልበት መጎተት ገመዱን ከመበጠስ አልፎ ሞተሩንም ሊጎዳ ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የታፈነውን ሞተር ያራግፉት። ማጥፊያውን ዝጉ ላይ ያድርጉ፣ ካንዴላውን ይፍቱ፣ የካንዴላውን ሽቦ ከቀዳዳው ያርቁት፤ ከዚያ የካንዴላው ቀዳዳ ወደ መሬት እንዲያይ መሣሪያውን ገልብጠው ገመዱን በዝግታ ደጋግመው ይሳቡ። የሚወጣው ቤንዚን እጅግ አደገኛ ነው፤ ሲጋራ፣ ከሰልና የቡና ምድጃ ካለበት ርቀው፣ ከቤት ውጭ፣ ማርሚታው (የጢስ ማውጫው) ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ይሥሩት። በየጓሮው ከምድጃው አጠገብ ቼንሶ ሲፈታ ስላየን ይህን አጥብቀን እንናገራለን።

ቀጥሎ መርፌው በእርግጥ የሚያሳልፍ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የግፊት መለኪያ ያለው ፓምፕ አለ፤ ባይገኝ ግን ከአገልግሎት የወጣ፣ ባለ ሰዓት የደም ግፊት መለኪያ ጥሩ ሥራ ይሠራል። ካርብሬተሩን አውጥተው የመለኪያውን ቱቦ ቤንዚን በሚገባበት አፍ ላይ በደንብ ያጥብቁና በደም ግፊት መለኪያው ሰዓት እስከ 250 (ሚሊሜትር ሜርኩሪ) ድረስ ይንፉት። ጠቋሚው ቀጥ ብሎ ከቆመ መርፌው ቢያንስ እስከዚያ ግፊት ይይዛል ማለት ነው፤ ቀስ እያለ ከወረደ ያሳልፋል። የሚያሳልፍበትን ቦታ ለማየት ካርብሬተሩን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ይንከሩት፤ አረፋው ከአየር መተላለፊያው አንገት ከወጣ ጥፋቱ የመርፌው ነው፤ ከክዳኑ ጠርዝ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (በክዳኑና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም የክዳኑ አጠባበቅ ነው። ከዚህ በኋላ ውኃው ሙሉ በሙሉ እንዲደርቅ ያድርጉ።

መርፌው ከሆነ የመቆጣጠሪያውን ክዳን ይክፈቱ። ከመፍታትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፣ የሚወጣውን ሁሉ በነጭ ጨርቅ ላይ በተራ ያኑሩ፤ ሞላዋ ተስፈንጥራ ሣር ውስጥ ከገባች አትገኝም። መርፌውን በጣትዎ ይዘው በመስኮት ብርሃን ላይ ጫፉን አዙረው ይዩት። ጤነኛ ጫፍ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ለስላሳና እኩል ነው። ያረጀው ግን ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ ክብ ቀለበት ይታይበታል፤ በጥፍርዎ ሲዳስሱት እንደ ደረጃ ይቆጠቁጣል። ያ ቀለበት ከታየ መርፌው ይቀየራል እንጂ አይሳልም፣ በብርጭቆ ወረቀትም አይታሸም። ቀለበት ከሌለውና ደቃቅ ቆሻሻ ወይም የመጋዝ ብናኝ ከተገኘ ግን ማጽዳት ሊበቃ ይችላል። መቀመጫውን በሽቦ ወይም በስፌት መርፌ በፍጹም አይንኩት፤ በንጹሕ ቤንዚንና በጥጥ ጫፍ ይጥረጉት። እኔ ሥራውን በጀመርሁበት ጊዜ የአንድ ሽማግሌ ገበሬ ካርብሬተር መቀመጫ በቀጭን ሽቦ ስጠርግ ጫርሁት፤ ከዚያ በኋላ ምንም አዲስ መርፌ ቢገባለት አልያዘም። ለእኒያ አባት ሙሉ ካርብሬተር መተካት ግድ ሆነብኝ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። የኮምፕሬሰር ኃይለኛ አየርም ዲያፍራሙ ሳይወጣ ወደ ውስጥ አይነፋም፤ ይቀደዳል።

ማንሻዋን ሲመለከቱ ቁመቷ ዋና ጉዳይ ነው። ከተገቢው በላይ ከፍ ካለች ዲያፍራሙ ሁልጊዜ ስለሚጫናት መርፌው አይዘጋም፤ ዝቅ ካለች ደግሞ ሞተሩ ነዳጅ ይራባል። በአንዳንድ ሥሪቶች ጫፏ ከክፍሉ ወለል ጋር እኩል ይሆናል፤ በሌሎች የተለየ መለኪያ አለው፤ ስለዚህ በግምት ከማጠፍ የጥገና ኪቱን መመሪያ መከተል ይሻላል። ኪቱን ሲገዙ የቼንሶውን ስም ብቻ አይናገሩ፤ በካርብሬተሩ አካል ላይ የተቀረጸውን የሠሪውን ስም፣ ማለትም ዋልብሮ፣ ዛማ ወይም ቲሎትሰን የሚለውንና ከጎኑ ያሉትን ፊደላትና ቁጥሮች ጽፈው ይውሰዱ። አንድ ዓይነት ቼንሶ የተለያየ ካርብሬተር ሊኖረው ይችላል። ኪቱ መርፌ፣ ሞላ፣ ማንሻ፣ ዲያፍራሞችና ጓርኒሲዮኖች አብረው ያሉት ቢሆን ይመረጣል።

ሥራው ተጠናቆ ሲገጠም የኤችና የኤል ብሎኖችን በመሣሪያው መመሪያ መነሻ ላይ ይመልሱ፤ በብዙ ሥሪቶች ይህ በቀስታ እስኪዘጉ ጠምዝዞ አንድ ዙር ገደማ መክፈት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ ሞተሩ በተፈጥሮው ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያንን ለማስተካከል ኤቹን ጥቂት ማጥበቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ደሴ ላይ የተስተካከለውን ቼንሶ ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ ይዘው ከወረዱ፣ ወፈር ያለው አየር ድብልቁን ስለሚያሳሳው ሳይሠሩበት እንደገና ማላላት ያስፈልጋል። ይህን ባለማድረግ ብዙ ፒስተን ተቃጥሏል።

መርፌው ተቀይሮ፣ መቀመጫውም ሳይጫር ካልያዘ ያን ጊዜ አዲስ ካርብሬተር ይግዙ። እስከዚያ ግን አቀበት ከወጡ በኋላ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን በዝግታ ከፈት አድርገው ግፊቱን ያስተንፍሱ፤ ለብዙ ቀን ካልሠሩበትም ታንኩን ባዶ አድርገው ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የዲያፍራም ኪት ገዝቼ ራሴ ቀየርሁ። አሁን ሲቆም አያንጠባጥብም፤ ሥራ ላይ ግን ጢሱ ጥቁር ነው፣ ይታፈናል፣ ካንዴላውም ይረጥባል። ምን አጠፋሁ?
— ከወረኢሉ

መልስ፦ ቆሞ የማያንጠባጥብ፣ ሲሠራ ብቻ የሚታፈን ከሆነ መርፌውን ለጊዜው ይተዉት። የተለመደው ስሕተት ዲያፍራምና ጓርኒሲዮን ተራቸውን መለዋወጣቸው ነው። በአብዛኞቹ ካርብሬተሮች በመቆጣጠሪያው በኩል ከአካሉ ቀጥሎ ጓርኒሲዮኑ፣ ከዚያ ዲያፍራሙ ይገባል፤ በፓምፑ በኩል ግን ተቃራኒው ነው፤ ዲያፍራሙ አካሉን ይነካል፣ ጓርኒሲዮኑ ከክዳኑ ጋር ይሆናል። በመቆጣጠሪያው በኩል ዲያፍራሙ ቀድሞ ከገባ ወደ ማንሻው ስለሚቀርብ ያለማቋረጥ ይጫነዋል። ተራው ትክክል ሆኖ ካገኙት የፓምፑን ዲያፍራም ወደ ብርሃን አንሥተው ይዩት፤ የመርፌ ቀዳዳ ያህል እንኳ ከተበሳ ቤንዚኑ በግፊቱ መንገድ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ሆድ ይሳባል። የአየር ማጣሪያውንም ይመልከቱ፤ በባሕር ዛፍ ብናኝና በዘይት የተደፈነ ማጣሪያና ሙሉ በሙሉ የማይከፈት ቾክ ልክ ይህንኑ ጥቁር ጢስ ያመጣሉ።

ጥያቄ፦ ካርብሬተሩ ደረቅ ነው፤ ቤንዚን ግን ከታንኩ ጎን ይወርዳል። ይህም የመርፌ ችግር ነው?
— ከወልድያ

መልስ፦ አይደለም። የቤንዚን ቱቦው ወደ ታንኩ የሚገባበት ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል፣ አለዚያም የክዳኑ ቀለበት አርጅቷል። ታንኩን በግማሽ ሞልተው በየጎኑ እያጋደሙ በደረቅ ነጭ ወረቀት ይጥረጉት፤ ወረቀቱ መጀመሪያ የረጠበበት ቦታ የሚፈስበት ነው። ቱቦውን በእጅዎ ሲያጥፉት ደቃቅ ስንጥቆች ከታዩበት ሳይቆርጡ ሙሉውን ይቀይሩት፤ የሚቀየረውም ቤንዚን የሚችል ቱቦ ይሁን፤ ተራ የውኃ ቱቦ በቤንዚን ይደርቅና ይሰነጠቃል።