«ተሸክመን እናወጣቸዋለን»

እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው እትም ስለ ደረጃና ስለምሄድበት ክራንች ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነው የጻፍኩት፣ ደብዳቤው ግን ጎረፈ። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን ለዚሁ ጉዳይ፣ አካል ጉዳተኛ ለሚገጥመው እንቅፋት፣ ለቅቄዋለሁ። ሁሉንም ማስገባት አልቻልኩም፣ ያልደረሳችሁ አትቀየሙኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አባቴ በስኳር ምክንያት አንድ እግሩ ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆነው። ዊልቸር ነው የሚጠቀመው። የወረዳችን ጽሕፈት ቤት አዲስ ሕንፃ ገባና የእኛ ጉዳይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነ። አሳንሰሩ ቆሟል። ጥበቃዎቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ «አባባን ተሸክመን እናወጣቸዋለን» አሉ። አባቴ ግን ተቆጣና እምቢ ብሎ ወደ ቤት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ስናነሳበት ዝም ይላል። ምን ላድርግ? (ሴት ልጁ ነኝ፣ ከአየር ጤና)

መልስ፦ ልጄ፣ ይቺን «ተሸክመን እናወጣቸዋለን» በደንብ አውቃታለሁ። እኔንም ተሸክመውኛል። አንድ ቢሮ ሄጄ፣ ስሙ ይቅር፣ ደረጃው የእጅ መደገፊያ የለውም፣ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ብድግ አደረጉኝ። ሸሚዜ እስከ ደረቴ ተሰበሰበ፣ ስልኬ ከኪሴ ወድቆ ደረጃ በደረጃ እየነጠረ ወረደ፣ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ «እግዜር ይማርህ» ይለኛል። ምንም አላመመኝም እኮ፣ ፊርማ ልፈርም ነው የመጣሁት! ጉዳዬን ጨርሼ ስወጣ ደግሞ ልጆቹ ምሳ ሄደዋል። አርባ ደቂቃ ያህል ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሲመጡ አመሰገንኳቸው። ምን ልል እችላለሁ?

ስለዚህ አባትሽ ግትር ሆነው አይደለም። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሰፈራቸው ሰው ፊት እንደ ሶፋ መሸከም አልፈለጉም። መጀመሪያ ይሄንን ንገሪያቸው፣ «ልክ ነህ አባዬ» በያቸው።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥሩ 624/2001፣ አንቀጽ 36 ላይ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰውም፣ መራመድ እየቻለ ደረጃ ለሚከብደው ሰውም መግቢያ ሊኖረው ይገባል። መጸዳጃ ቤትም እንደዚሁ። (ቢኖርም አብዛኛውን ጊዜ የመወልወያና የባልዲ ማስቀመጫ ሆኖ ተቆልፎ ነው የሚገኘው፣ ቁልፉ ደግሞ ፈቃድ የወጣች ሴትዮ ጋ ነው።) ከዚያ በተጨማሪ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች፣ አዋጅ 676/2002 ይባላል። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። «ሕንፃው የኪራይ ነው፣ እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ሊሰጡሽ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉም። ተከራይቶም ቢሆን አገልግሎቱን የሚሰጠው ቢሮው ነው። ሲከራይ በሩንና አሳንሰሩን ማየት ነበረበት።

አሁን የምታደርጊው ይሄ ነው። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ፣ አይርዘም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። አንደኛው የዛሬ ነው፦ ባለሙያው ወረቀቱን ይዞ ምድር ቤት ይውረድ። በቃ። ሰውየው ሁለት ጤነኛ እግር አለው፣ ሦስት ፎቅ መውረድ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ወይም ምድር ቤት ላይ አንድ ጠረጴዛ ይቀመጥ፣ ለአባትሽ ብቻ ሳይሆን ለነፍሰ ጡሯም፣ ጉልበቷን ለምታማት እማማም። ሁለተኛው የነገ ነው፦ አሳንሰሩ መቼ ነው የሚጠገነው? ቀን ይጻፍልኝ በይ። «በሂደት ላይ ነው» ቀን አይደለም።

ደብዳቤውን በእጅሽ ሰጥተሽ አትመለሺ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊው፣ ቁጥርና ማኅተም ያለበት ኮፒ አንቺ ጋ ይቅር። ከግርጌው «ግልባጭ» ብለሽ ለክፍለ ከተማው ላኪ። ግልባጭ ያለው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ አያድርም፣ ይሄንን ከሃያ ዓመት የቢሮ ሕይወቴ ነው የምነግርሽ። የሕንፃውን ጉዳይ ደግሞ የሚመለከተው የሕንፃ ሹም የሚባለው ነው፣ ፕላን የሚያጸድቀውም የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠውም በእሱ በኩል ነው። መልስ ከጠፋ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አለ። ሁለቱም ጋ አቤቱታ ለማቅረብ ገንዘብ አይጠየቅም። ያኔ ያቺ ማኅተም ያለባት ኮፒ ታስፈልግሻለች።

አንድ ነገር ልጨምር። «ለምን ውክልና አይሰጡሽም?» ይሉሻል። አባትሽ ከፈለጉ ይስጡ። ግን አእምሯቸው ደህና ነው፣ እጃቸውም ይጽፋል። ደረጃ ስላለ ብቻ ፊርማቸውን ለሌላ ሰው ማስረከብ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ፋርማሲ አለኝ። መግቢያዬ ሦስት ደረጃ ነው። ዊልቸር የሚጠቀሙ ደንበኞች ውጭ ቆመው ነው መድኃኒት የሚገዙት፣ ያሳፍረኛል። ግንበኛ ጠርቼ ራምፕ (በደረጃ ፋንታ ተዳፋት መውጫ) አሠራሁ፣ አንድ ደንበኛዬ ሊወጣ ሲሞክር ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሊወድቅ ነበር። የት ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ በመጀመሪያ እጅዎ ይባረክ። ሳይታዘዝ፣ ሳይከሰስ ራምፕ የሚያሠራ ሰው ስንት አለ? ስህተቱ የእርስዎ አይደለም፣ ግንበኛው ለጋሪ ነው የሠራው።

ልኬቱ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። የእርስዎ ሦስት ደረጃ እያንዳንዳቸው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆኑ በድምሩ 45 ናቸው። 45 በ12 ሲባዛ 540 ይመጣል፣ አምስት ሜትር ከአርባ ማለት ነው። ግንበኛዎ ስንት ሜትር ሠራ? አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ እሱ ራምፕ ሳይሆን ሸርተቴ ነው።

«አምስት ሜትር ከየት አመጣለሁ፣ መንገዱን ልይዝ ነው?» ይሉ ይሆናል። አይያዙ። ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን ያስኪዱት፣ ወይም መሃል ላይ ይታጠፍ። ሲታጠፍ ግን መታጠፊያው ላይ ዊልቸር መዞር የሚችልበት ሜዳ ያስፈልጋል፣ ሜትር ከሃምሳ በሜትር ከሃምሳ ቢሆን ጥሩ ነው። ከላይ በሩ ጋ ሲደርስም እንደዚሁ ሜዳ ይኑር፣ አለበለዚያ ሰውየው ተዳፋቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በአንድ እጁ ጎማውን ይዞ በሌላው በር ሊከፍት ነው። ይሞክሩት እስቲ።

ስፋቱ ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ ቦታ ካለ 120። በሁለቱም ጎን የእጅ መደገፊያ ብረት። ጠርዙ ላይ ጎማ እንዳይወጣ ከፍ ያለች ግንብ ትደረግበት። እና እባክዎ ሴራሚክ አያስነጥፉ! አንጸባራቂ ነገር መውደዳችን ልክ የለውም፣ ዝናብ ሲነካው ጤነኛውንም ይጥላል። ሲሚንቶው ሳይደርቅ ሻካራ መጥረጊያ በአግድሙ ይጎተትበት፣ ያቺ ሻካራነት ትበቃለች። በመጨረሻ ደፉን ይመልከቱ። ብዙ ሰው ቆንጆ ራምፕ ሠርቶ በሩ ሥር አምስት ሴንቲ ሜትር ብረት ይተዋል፣ የዊልቸር የፊት ጎማ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች እዚያ ላይ ቀጥ ትላለች።

ሲሚንቶ ከማስቦካትዎ በፊት ያንን ሊወድቅ የነበረ ደንበኛዎን ይጥሩት። ጣውላ አስተኝተው ያስሞክሩት። ከእኔም ከግንበኛውም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም። መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ ከአዳማ ነው የምጽፈው። ጤና ጣቢያ ስሄድ ስም ሲጠራ አልሰማም፣ ወረፋዬ ያልፋል። እናቴን ይዤ ስሄድ ደግሞ ሐኪሙ ከእሷ ጋር ነው የሚያወራው። 26 ዓመቴ ነው። እናቴ ፊት መናገር የማልፈልገው ነገር አለኝ።

መልስ፦ ይሄንን ሳነብ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ራምፕ ሲሉ ሁሉም ይገባዋል፣ ይሄ ግን አይታይም።

ለወረፋው መላ አለው። ካርድ ክፍል ስትገቢ «መስማት የተሳነኝ ነኝ፣ ስጠራ በእጅ ጥሩኝ» የሚል ወረቀት ካርድሽ ላይ እንዲያያዝ ጠይቂ። ለነርሷም አሳያት፣ የምትቀመጪበትን ወንበር አመልክቻት። ጤና ጣቢያው ደግሞ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ማሳየት ያቅተዋል? ስክሪን ግዙ አላልንም።

የሐኪሙ ነገር ግን በወረቀት አያልቅም። አንቺ ጥሩ ትጽፊያለሽ፣ ትምህርት ቤት ሳይገቡ የቀሩ ብዙ መስማት የተሳናቸው ወገኖች ግን ጽሑፍም አይረዳቸውም። ቅድም የጠቀስኩት ስምምነት አንቀጽ 9 ላይ ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚን በስም ይጠቅሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን በዲግሪ ማስተማር ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል፣ ባለሙያ የለም ማለት አይቻልም። በከተማሽ ካለው መስማት የተሳናቸው ማኅበር ጋር ሆናችሁ ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ አስገቡ፣ በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን አስተርጓሚ ይመደብ በሉ። አንድ ቀን ከታወቀ ሰው በዚያ ቀን ይመጣል። እስከዚያው እናትሽን ውጭ እንዲጠብቁሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ሐኪሙ ይጻፍልሽ፣ ጽሑፉ የማይነበብ ከሆነ ደግሞ በስልኩ ላይ ይተይብ። የሐኪም ጽሑፍ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ሥራ ቦታዬ ላይ ሳለሁ በመኪና አደጋ ተጎዳሁ፣ አሁን በክራንች ነኝ። አለቃዬ «ሁለተኛ ፎቅ መውጣት ካልቻልክ ምን እናድርግህ» ይለኛል። ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 568/2000ን ፈልገህ አንብብ፣ አጭር ነው። አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት የማድረግ ግዴታ አለበት፣ ያንተን ጠረጴዛ ወደ ምድር ቤት ማውረድ ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነገር አይደለም። አድልዎ ተፈጸመብኝ ብለህ ፍርድ ቤት ብትሄድ የማስረዳት ሸክሙ አንተ ላይ አይወድቅም። ግን ከፍርድ ቤት በፊት ለሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተባለ ነገር ነገ «አላልኩም» ይባላል። ጉዳቱ ሥራ ላይ ሳለህ የደረሰ ስለሆነ ካሳውም ለብቻው የሚታይ ነውና የሕግ ባለሙያ አማክር።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ተማሪ ነኝ። አዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ያለው ቢጫ መስመር ደስ ብሎኝ ነበር። በኬን (በነጭ በትሬ) እየተከተልኩ ስሄድ ግን በቀን ሁለት ሦስቴ ሞተር ሳይክል ወይ በርጩማ እመታለሁ። ሰው ይቆጣኛል፣ እኔ ነኝ ይቅርታ የምጠይቀው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሰው መስመሩን አያውቀውም። በእግር ሲረገጥ ረጃጅሙ ጭረት «ቀጥል» ማለት ነው፣ ነጠብጣቡ «ቁም፣ ከፊትህ ነገር አለ» ማለት ነው። ይሄንን ስንቱ ያውቃል? እኔም ቆይቼ ነው ያወቅኩት። ከተማው ገንዘቡን አውጥቶ አነጠፈ፣ ለምን እንደተነጠፈ ግን ለሰው በወጉ አልተነገረም። ደንብ አስከባሪ ሞተሩን ማስነሳት ይችላል፣ አመልክት። (መንገድ ለሚያሻግሩት ደግሞ አንዲት ነገር፦ ኬኑን አትያዙበት፣ ክንዳችሁን ስጡት፣ እሱ ይይዛችኋል።)

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሰፈሬ ያለችውን የጀበና ቡና ሻጭ ጠየቅኳት። በርጩማዎቿ ሁሌም ቢጫው ላይ ናቸው። «ጋሼ፣ ለጌጥ መስሎኝ ነው እኮ» አለች። ስነግራት ደነገጠች፣ እዚያው ተነስታ በርጩማዎቹን ወደ ግድግዳው አስጠጋች። ማግስቱን ሳልፍ ደንበኞቿ ፀሐይ ፍለጋ መልሰው ስበዋቸው ቢጫው ላይ ተኮልኩለዋል። እኔ አፌን ልከፍት ስል እሷ ቀደመችኝ፤ «ተነሱ፣ ተነሱ፣ የሰው መንገድ ነው» እያለች ስኒያቸውን ከእጃቸው ተቀበለች።