ከቦርድ ሶስት ፌዝ ከመቀበልህ በፊት

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት። አራት አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ያለውን ራክህን፣ ማለትም አምፖቹ የተደረደሩበትን ሳጥን፣ ከግድግዳ ሶኬት በ50 ሜትር ኤክስቴንሽን ታስነሳለህ፣ ቤዙ ሲመታ ብሬከሩ (ከረንት ሲበዛ መስመሩን የሚቆርጠው) ይወርዳል። የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ደግሞ «ከቦርዱ ሶስት ፌዝ አወጣልሃለሁ፣ ትገላገላለህ» ብሎሃል። ቦርድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሳጥን ነው፣ ሶስት ፌዝ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያመጡ ሶስት ሽቦዎች፣ ጭነትህን ታካፍልባቸዋለህ። ልቀበል ወይስ ብሬከሩን ላሳድግ ነው የምትለው። ተቀበል። ግን መጀመሪያ ይሄን አንብብ።

1. ብሬከር ማሳደግ የሚባለውን እርሳው። ከኋላው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እየሄደ 32 አምፔር ብሬከር የሚጭን ሰው አዳራሽ ሊያቃጥል ነው የሚፈልገው። አምፑ ላይ የተጻፈው ዋትም አያስደንግጥህ፣ ሙዚቃ ሁሌ ሙሉውን አይስብም። አምራቾች ፍጆታውን ብዙ ጊዜ በ1/8 ኃይል ነው የሚያሰሉት፣ በኮምፕሬሰር (የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በሚያቀራርብ መሣሪያ) የታጨቀ ከባድ ሙዚቃ ከሆነ በ1/3። ደግሞ አምፖቹን በየተራ አብራ። አንድ ላይ ሲበሩ ካፓሲተሮቹ እስኪሞሉ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ከረንት ይስባሉ። ቢ የሚባለው ብሬከር ከተጻፈበት አምፔር ከ3 እስከ 5 እጥፍ ላይ ወዲያው ይወርዳል፣ ሲ ግን የተሻለ ይታገሣል፣ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ላይ ነው የሚወርደው።

2. ገመዱ። 50 ሜትር ስትል ከረንቱ ሄዶ ይመለሳል፣ ስለዚህ 100 ሜትር ነው። በ2.5 መዳብ ወደ 0.74 ኦም ይሆናል። 16 አምፔር ስትስብበት 12 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ቦርዱ ጋ 220 የነበረው ራኩ ጋ 208 ሆኖ ይደርሳል ማለት ነው። ጥቅልሉንም እስከ መጨረሻው ፍታው፣ እንደተጠቀለለ ከጫንክበት ይግላል።

3. ኒውትራል፣ የሶስቱም ፌዝ የጋራ መመለሻ ሽቦ። እዚህ ላይ ቁጥሩን ልተወውና የሆነውን ልንገርህ።

አንድ አዳራሽ ነው፣ ስሙን አልጠራም። እንዳንተው ሶስት ፌዝ ተሰጠን። ጭነት ሳይኖር ለካሁ፣ ሶስቱም 220 አካባቢ፣ ቆንጆ። ሰውንድ ቼክ ላይ ግን ሰብዉፈሩ ሲመታና መብራቱ ሲጨመር አንዱ ፌዝ ወደ 200 ሲወርድ ሌላው ወደ 250 ወጣ። ይሄን ምልክት ያዝልኝ። ገመድ ቀጥኖ ብቻ ቢሆን የተጫነው ይወርዳል እንጂ ሌላው ያን ያህል አይወጣም። አንዱ ወርዶ ሌላው ከዘለለ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ ላልቷል።

ለኤሌክትሪሺያኑ ነገርኩት። «አንተ ድምፅህን ሥራ፣ ቦርዱ የኔ ነው» አለኝ። ኤሌክትሪኩን ከቦርዱ አጥፍተን የኒውትራሉን ብሎን እናጥብቅ ስለው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። በካቻቢቴ የአፍታ ሥራ እኮ ነው! ሥራ አስኪያጁ ጋ ሄድኩ፣ እሱ ጭራሽ ከስልኩ ቀና አላለም። «እንግዶች እየገቡ ነው» አለ፣ በቃ። ራኬን ከዚያ መስመር ነቅዬ ከሌላ ቦርድ በሚመጣ አንድ ፌዝ ላይ አደረግኩት፣ ድምፁንም ትንሽ ቀነስኩ። አዘጋጆቹ «ያካብዳል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የመድረኩን ዕቃ ግን የባንዱ ልጅ «ምንም አይሆንም» ብሎ ባለበት ተወው።

ዝግጅቱ መሀል ላይ ኒውትራሉ ጨርሶ ለቀቀ። ኒውትራል ሲጠፋ ሁለት ፌዝ ላይ ያሉ ዕቃዎች 380 ቮልትን ይካፈላሉ፣ ግን እኩል አይደለም። ብዙ የሚስበው ትንሽ ቮልት ያገኛል፣ ጥቂት የሚስበው የተረፈውን ሁሉ ይሸከማል። መብራቱ ከባድ ነበር፣ ሞኒተር አምፑና ኪቦርዱ ቀላል። የኪቦርዱ አዳፕተር ጨሰ፣ ሁለት ሞኒተር አምፕ ተቃጠለ። ብሬከር ግን አንድም አልወረደም፣ ምክንያቱም ብሬከር የሚያየው ከረንት ነው እንጂ ቮልት አይደለም። የኔ ራክ እስከ መጨረሻው ሠራ፣ አልደብቅህም ደስ ብሎኛል። አዳራሹ ደግሞ «ዕቃችሁ አሮጌ ነው» ብሎ ሸኛቸው። እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ መልቲሜትርህን ይዘህ ሂድ። እያንዳንዱን ፌዝ ከኒውትራል፣ ከዚያ ፌዝ ከፌዝ 380 አካባቢ መሆኑን ለካ። ዋናው ግን ከጫንክ በኋላ እንደገና መለካት ነው፣ ያኔ ኒውትራልና ኧርዝ (ወደ መሬት የሚሄደው የደህንነት ሽቦ) መሀል ከጥቂት ቮልት በላይ ማየት የለብህም። ሰውየው «ለክቼዋለሁ» ቢልህም አንተ ለካ። ኒውትራሉ ከፌዞቹ የቀጠነ እንዳይሆን፣ ዲመር (የመብራት ማደብዘዣ) እና የዘመኑ ፓወር ሰፕላይ የሚያመጡት ሃርሞኒክ፣ ማለትም የተዛባ ከረንት፣ እዚያ ላይ ይደመራል። ባለ አምስት እግሩ ቀይ ሶኬት ካለ እሱን ጠይቅ። ሽቦ በሽቦ ከሆነ ግን ኤሌክትሪኩ ከቦርዱ ጠፍቶ መጀመሪያ ኧርዝ፣ ቀጥሎ ኒውትራል፣ ፌዞቹ በመጨረሻ። ስትፈታ በተቃራኒው። ከተቻለህ ከራኩ ፊት ቮልት ሲዛባ የሚቆርጥ ሪሌይ አስገባ፣ ከአንድ አምፕ ጥገና ይረክሳል።

ሃም (ከስፒከሩ የሚወጣ የ«እምም» ድምፅ) ከመጣብህም ማንም የስፒናውን የኧርዝ እግር እንዲቆርጥ አትፍቀድ፣ ሰው ይሞታል። ሃሙን በዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከሚክሰር የሚያገናኝ ትንሽ ሳጥን) ላይ ባለው ግራውንድ ሊፍት፣ ማለትም የሲግናሉን ኧርዝ በሚለይ ማብሪያ፣ ወይም በሲግናል ትራንስፎርመር ነው የምትፈታው።

አሁን የአምፖቹን ሞዴልና መብራቱ ከየትኛው ቦርድ እንደሚመጣ ጻፍልኝ፣ የትኛው ፌዝ ላይ ምን እንደምትጭን አብረን እናካፍለው።