ካርትሪጁ ቀለለ፣ ክንዱ ከበደ፦ የሸክላ ጥያቄና መልስ ከባሕር ዳር

በሉ ጎበዝ፣ ስለ ሸክላ ማጫወቻ ክንድና ጫፉ ላይ ስለሚታሰረው መርፌ ያዥ፣ ማለትም ስለ ካርትሪጅ፣ ያላችሁን ጠይቁ። መብራት እስካለ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ ቀለል ያለ ካርትሪጅ ገጠምኩ። የኋላውን ክብደት እስከ ጥግ ወደ ፊት ባመጣውም የክንዱ አፍንጫ ሽቅብ እንደተነሣ ነው። አልተስማሙም ማለት ነው?

መልስ፦ ገና አናውቅም። ሁለት የተለያዩ ነገሮች እየተደባለቁ ነው። አንዱ ሚዛን ነው፤ ከኋላ ያለው ከፊት ካለው በዝቷል። ሌላው ክንዱና ካርትሪጁ አንድ ላይ ሆነው የሚርገበገቡበት ፍጥነት ነው። የመጀመሪያው ወዲያው በዓይን ይታያል፣ ሁለተኛው ተደብቆ ድምፅ ያበላሻል። ለሚዛኑ ብቻ ከሆነ ከካርትሪጁ በላይ 3 ግራም ያህል የናስ ቁራጭ ማስገባት ይበቃል። ብረት አታድርግ፣ ካርትሪጁ ውስጥ ማግኔት አለ። ግን ቆይ፣ የሚቀጥለውን መልስ ሳታነብ ብሎን አትፍታ።

ጥያቄ፦ ሁለተኛው እንዴት ይታወቃል?

መልስ፦ መርፌውን የያዘችው ቀጭን ዘንግ ጎማ ላይ ተቀምጣለች። የጎማው ልስላሴ ኮምፕላያንስ ይባላል፤ ከካርትሪጁ ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ በቁጥር ተጽፏል። የክንዱን ውጤታማ ክብደት፣ ማለትም ክንዱ ሲንቀሳቀስ መርፌው የሚሸከመውን፣ ከካርትሪጁና ከብሎኖቹ ክብደት ጋር ደምር። ድምሩን በኮምፕላያንሱ አባዛ፣ ስኩዌር ሩት አውጣ፣ 159ን ለዚያ አካፍል። መልሱ የሁለቱ ርግብግብ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ኸርዝ (በሴኮንድ ያን ያህል ጊዜ) ቢያርፍ ደግ ነው። የተጣመመ ሸክላ ክንዱን የሚያወዛውዘው በአብዛኛው ከ5 ኸርዝ በታች ነው፣ ሙዚቃው ደግሞ ከ20 አካባቢ ይጀምራል። መሃሉ ላይ ስታርፍ ከሁለቱም ትርቃለህ።

ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የሚባለው ማጫወቻ ክንድ ውጤታማ ክብደቱ ከነሄድሼሉ (ካርትሪጁ ከሚታሰርበት ጫፍ ጋር) 12 ግራም ነው። 6 ግራም ካርትሪጅና 1 ግራም ብሎን ሲጨመር 19። ኮምፕላያንሱ 20 ከሆነ 8.2 ኸርዝ ይመጣል፣ ያልፋል። 30 ከሆነ ግን ወደ 6.7 ይወርዳል፤ ያኔ የእኛ ፀሐይ ያጣመመችው ሸክላ ላይ ዘፈኑ ሳይጀምር ትልቁ ስፒከር ወጣ ገባ ሲል ታያለህ።

አሁን የሽምብጡን ልጅ እንመልከት። ካርትሪጁ እንዲህ ለስላሳ ከሆነ ያችን 3 ግራም ስትጨምር 6.2 ትደርሳለህ። ሚዛኑን አስተካክለህ ርግብግቡን አባስከው! ለለስላሳ ካርትሪጅ የሚሻለው ከኋላ ያለውን ክብደት በቀለለ መለወጥ ነው። እሱ ክንዱ ከሚዞርበት ማዞሪያ አጠገብ ስለሚቀመጥ ውጤታማ ክብደቱን ብዙ አይነካም፤ አፍንጫ ላይ የምትጭነው ግን በሙሉ ይቆጠራል።

ጥያቄ (ከግሽ ዓባይ)፦ ስለዚህ ቀላል ካርትሪጅ ለከባድ ክንድ አይሆንም እንበል?

መልስ፦ አንበል እህቴ። ቀላል ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ 6.1 ግራም ብቻ ነው፣ ጎማው ግን ደረቅ ያለ ነው። ወረቀቱ ላይ 7 የሚል ታገኛለሽ፤ ይህ በ100 ኸርዝ የተለካ ነው፣ የጃፓን አምራቾች ልማድ ነው። ለእኛ ስሌት የ10 ኸርዙ ስለሚያስፈልግ በ1.5 ወይም በ2 አባዢው። 12 ብንለው በዚያው የቴክኒክስ ክንድ 10.5 ኸርዝ ይሰጣል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ይህን ሳያዩ 7ን እንዳለ ይዘው የሚከራከሩ ሰዎች ያሰለቹኛል።

ጥያቄ፦ የካርትሪጁ ወረቀት ጠፍቷል፣ ክብደቱን በምን ልመዝን?

መልስ፦ ወርቅ ቤት ውሰደው። የእነሱ ሚዛን የግራም መቶኛ ያነባል። ብሎኖቹንም አትርሳ።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ መርፌው ሸክላው ላይ ቢቀርስ?

መልስ፦ በማንሻው አንሣው። በጨለማ በጣት አትነካካው።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ የአያቴ ሻንጣ መሳይ ማጫወቻ አለ። ዘመናዊ ቀላል ካርትሪጅ ልግጠምለት?

መልስ፦ ተወው። የእነዚያ ክንዶች ማዞሪያ እንደ ልብ አይዞርም፣ የተሠሩትም 5 ግራምና ከዚያ በላይ ለሚጫን የሴራሚክ ካርትሪጅ ነው። በዚያ ላይ ማግኔት ያለው ካርትሪጅ የራሱ ፎኖ ማጉያ ይፈልጋል። አያትህ የተዉትን እንዳለ አስቀምጠው፣ ለማዳመጥ ሌላ ፈልግ።

ጥያቄ፦ አባቴ የአምሃ ሪከርድስ ትንንሽ ሸክላዎች ትተውልኛል። እንዳይበሉ መርፌው ላይ ያለውን ጫና ከታዘዘው አሳንሼዋለሁ፣ ልክ ነኝ?

መልስ፦ ጭራሽ። ኩባንያው በ1969 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እነዚያ ሸክላዎች በስንት ከባድ መርፌ እንደተጫወቱ አስብ። ጫናው ሲያንስ መርፌው ከጎድጓዱ ግድግዳ እየተላቀቀ መልሶ ይመታዋል፤ ዘፋኙ «ሰ» ሲል የምትሰማው ሽርክት እሱ ነው። አምራቹ ከ1.8 እስከ 2.2 ግራም ካለ 2 ላይ አድርገው፣ ሽርክቱ ካልጠፋ 2.1። በመጀመሪያ ግን ሸክላውን እጠበው፣ ግማሹ ጩኸት አቧራ ነው።