ድሬ ላይ የትኛው እንጆሪ ይሻላል?

ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ያለሽው እህታችን፣ ጥያቄሽ እኔንም ስንት ዓመት ያለፋኝ ነው። «ግቢዬ ጠባብ ነው፤ ልጆቼ እንጆሪ ይወዳሉ። ቻንድለር ልትከል ወይስ አልቢዮን? ዘር ልግዛ ወይስ ችግኝ?» ነው ያልሽው። ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ሰባት ዓመት፣ ድሬ ደግሞ አምስት ዓመት ሞክሬያለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። እኛ ዘንድ እንጆሪ የማይባል ነገር የለም። ስትሮቤሪውም እንጆሪ ነው። ደጋ ላይ አጥር ውስጥ የሚበቅለው፣ ልጅ ሆነን እጃችንን የቧጨረን እሾኻሙም እንጆሪ ነው። ቅጠሉ ለሐር ትል የሚቀጠፈው ዛፍም እንጆሪ ነው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። አንድ ጎረቤቴ «እንጆሪ አምጪልኝ» ቢለኝ ከሐረር ድረስ ስትሮቤሪ ተሸክሜለት መጣሁ። ሰውዬው የፈለገው ለካ ዛፉን ኖሯል!

አንቺ የጠራሻቸው ቻንድለርና አልቢዮን ሁለቱም ስትሮቤሪ ናቸው። ቻንድለር «አጭር ቀን» ከሚባሉት ነው፤ ቀኑ ሲያጥር ያብባል። አልቢዮን የቀን ርዝመት አያስጨንቀውም። ይሄ ልዩነት አውሮፓ ላይ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በጋቸው ላይ ቀኑ 16 ሰዓት ይደርሳላ። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ሁለቱም ለማበብ ቀኑ አይከለክላቸውም። የሚከለክላቸው ሙቀት ነው። ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ አልቢዮንም አበባውን ያቆማል። ሐረር ከ1,850 ሜትር በላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ። መንገዱ ከ50 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፣ ለስትሮቤሪ ግን ሌላ አገር ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሐረር ላይ ቻንድለሬ ጎረቤት እስኪሰለች ያፈራ ነበር። በሚያዝያ ወር አሥራ ሁለት ችግኝ ይዤ የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ድሬ ወረድኩ። ግንቦት ላይ የቅጠሉ ጫፍ እንደ ተጠበሰ ወረቀት ሆነ። ያፈራችው አንዷም ፍሬዋ ሽምብራ አክላ ቀረች። ሰኔ ሲገባ የተረፉት ሦስት ብቻ ነበሩ።

በዓመቱ ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው የማንጎዬ ጥላ ስር ተከልኩ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጎኑ ቀድጄ፣ ከታች በስቼ፣ ግማሽ አፈር ግማሽ የበሰበሰ ፍግ ሞላሁ። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ በላን። አልቢዮኑ ጠንከር ያለ ነው፣ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆያል። ቻንድለሩ ለስላሳ ነው፣ በለቀምሽበት ቀን ካልበላሽው አለቀለት። እኔን ከጠየቅሽኝ ለልጆች ቻንድለር፤ እነሱ እንደሆን ፍሪጅ ድረስ አያደርሱትም።

ስትተክዪ የቅጠሎቹ መነሻ የሆነችውን እምብርት አፈር አታልብሻት። ከተቀበረች ትበሰብሳለች፣ ብዙ ከወጣች ትደርቃለች። ስሩ ላይ ጭድ አልብሺ። ዘር ግን አቦ ተይው! ቻንድለር ከዘር ብታበቅዪው ቻንድለር ሆኖ አይወጣም፤ እናቲቱ መሬት ለመሬት በምትልከው ክር ላይ ያቆጠቆጠውን ልጅ ነው መውሰድ ያለብሽ። በስልክ የሚታየው «ሰማያዊ እንጆሪ» ዘር ደግሞ ውሸት ነው። ሰማያዊ ስትሮቤሪ የለም። እኔም ገዝቻለሁ፤ የበቀለው ሣር ነው።

ሌላው ችግር ውሃችን ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር አይተሻል? ያው ኖራ ነው አፈሩ ውስጥ የሚከማቸው። አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሲቀር ካየሽ፣ ብረት አፈሩ ውስጥ ጠፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ኖራው ቆልፎባት ተክሏ በስሯ መውሰድ አቅቷት ነው። እኔ ከአሸንዳው ስር በርሜል አስቀምጬ የክረምት ውሃ ለስትሮቤሪው ብቻ አጠራቅማለሁ። ባለቤቴ እስካሁን ይስቃል።

«ብሉቤሪስ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላለ፣ ብሉቤሪ ኮምጣጣ (አሲዳማ) አፈር ነው የሚፈልገው። አፈሯ ኖራማ በሆነ፣ ሲሚንቶ በሚመረትባት ከተማ ላይ ሰውየው አይልፋ።

የፈረንጅ አውጥ ግን ለጀማሪ ጥሩ ነው። ያቺ ፍሬዋ ቀጭን ወረቀት የመሰለ ከረጢት ውስጥ የምትቀመጠው። ከዘር በቀላሉ ይበቅላል። ድሬ ላይ መስከረም ላይ ዝሪው፣ ቀዝቃዛው ወር ላይ ያፈራል። ፍግ ካበዛሽበት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ከረጢቱ ደርቆ ፍሬው በራሱ ሲወድቅ ነው የሚበላው፤ አረንጓዴውን ልጆች እንዳይቀምሱ፣ መርዝነት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንቺ ቦታ ብሆን ዛፉን እንጆሪ እተክላለሁ። ሙቀት ይወዳል፣ ስር ከሰደደ ድርቅ ይችላል፣ በኖራማው አፈር አይማረርም። ጠባብ ግቢ ነው ብለሽ አትፍሪ፤ በመቀስ ከቁመትሽ በታች ልትይዢው ትችያለሽ። እንዲያውም መቆረጡ ነው ጥቅሙ። ፍሬው ከአዲሱ ቀንበጥ ጋር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለቅመሽ ስትጨርሺ ቆርጠሽ ደህና አድርገሽ ካጠጣሽው ድጋሚ ያቆጠቁጣል፣ ያፈራልም። የኔው በዓመት ሁለቴ ይሰጠኛል።

ነውሮቹንም ልንገርሽ። በደንብ ካልጠቆረ አትልቀሚ፤ ከተቀጠፈ በኋላ አይበስልም። ልብስና ሲሚንቶ ወለል ላይ ከወደቀ አይለቅም፣ ልብስ ከምታሰጪበት አርቀሽ ትከዪው። እነዚያ ጅራተ ረጅም ግራጫ ወፎች ደግሞ ከአንቺ ቀድመው ይነሳሉ። እኔ አሮጌ አጎበር እጥልበታለሁ።

ችግኝ መግዛትም አያስፈልግሽም። እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው፣ አንድ ስንዝር ከምናምን የሚረዝም ቅርንጫፍ ከነጉጦቹ ቆርጠሽ፣ ሁለት ሦስተኛውን እርጥብ አፈር ውስጥ ትቀብሪዋለሽ። ጥላ ስር ይቆይ። ከአሥር ስድስት ሰባቱ ይይዛሉ። በሚቀጥለው ሳምንት የኔን ልቆርጠው ነው። ቀፊራ ገበያ በምትወጪበት ቀን ጎራ በይና አንድ እቅፍ ውሰጂ። የረጠበ ጆንያ ይዘሽ ነይ፤ በፀሐይ ሳቢያን እስኪደርስ ይደርቃል።