የአንባቢያን ጥያቄ፦ «ፋይሉ ሞልቷል፣ ነገ የማስተምረው ግን የለኝም»

ሰላም ቤተሰብ! በዚህ ዕትም የመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ነገር ላይ ስለሆኑ እሱን ብቻ ልያዝ ብያለሁ፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ የቴክኒክና ሙያ ማስተማሪያዎች። ስማችን አይጻፍ ስላላችሁ አልጻፍኩም፣ ረዣዥሞቹን መልእክቶችም ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ይቅርታ።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን አሰልጣኝ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ 40 ጊጋ የሚሆን ቪዲዮና ፒዲኤፍ ተከማችቷል፣ ግማሹ ከቴሌግራም የመጣ ነው ግማሹን ራሴ ነኝ ያወረድኩት፣ ግን ነገ ጠዋት የምታስተምረውን አምጣ ብባል አንድም አላገኝም። ጉግል ላይ የሙያውን ስም ስጽፍ ደሞ የኮሌጅ ምዝገባ ማስታወቂያ ነው የሚመጣው። ጥሩ ጥሩው የት ነው ያለው? ሳገኘውስ እንዳለ ለተማሪ ልስጠው?

መልስ፦ ወንድሜ ያንን 40 ጊጋ አውቀዋለሁ፣ እኔም ጋ ነበር። «አንድ ቀን ይጠቅመኛል» ተብሎ የወረደ ነገር ያ ቀን መጥቶለት አያውቅም።

መጀመሪያ አፈላለጉን እናስተካክል። የሙያውን ስም ተወውና ተማሪው በእጁ የሚሠራትን አንዷን ሥራ ጻፍ። ኤሌክትሪክ ኢንስታሌሽን ሳይሆን አንድ አምፖል ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋት ብለህ ማለቴ ነው። እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል፣ ያንኑ ማብሪያ እንግሊዞቹ ቱ ዌይ ስዊች ሲሉት አሜሪካኖቹ ስሪ ዌይ ስዊች ነው የሚሉት፣ ዕቃው ያው አንድ ነው። ኧርዝና ግራውንድ፣ ስፓነርና ሬንች፣ ሁሉም እንደዛው ናቸው፣ ስለዚህ በአንዱ ስም ፈልገህ ካጣህ የለም ብለህ አትዝጋው በሌላኛው ሞክር። ከሥራው ስም አጠገብ ላብ ማኑዋል ወይ ዎርክሺት ወይ ሌሰን ፕላን የሚል ጨምር፣ ጉግልም አድቫንስድ ሰርች የሚል ገጽ አለው፣ እዛ ላይ የፋይሉን ዓይነት ፒዲኤፍ አድርገህ ከታች ደግሞ የአጠቃቀም መብት የሚለውን ብትመርጥ ማስታወቂያው በብዛት ይጠፋልሃል።

ከዛ ደግሞ ጉግልን ትተህ በቀጥታ የምትሄድባቸው ቤቶች አሉ። መርሎት ከ1997 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ የቆየ ማውጫ ነው፣ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጀመሩት። ኦኢአር ኮመንስ ሌላው ነው። ለሙያ ብቻ ከሆነ ግን እኔ ስኪልስ ኮመንስን ነው የማስቀድመው፣ ታሪኩም ደስ ይላል፣ የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ከ2011 እ.ኤ.አ ጀምሮ ለኮሌጆች ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ሲሰጥ በዚህ ብር የምታዘጋጁትን ማስተማሪያ ማንም ወስዶ እንዲጠቀምበት ክፍት ታደርጋላችሁ የሚል ግዴታ አስገባበት፣ የተሠራው ሁሉ እዛ ተሰበሰበ፣ ብየዳ በለው ማሽን ሾፕ በለው የጤና ረዳት በለው። የካናዳው ቢሲ ካምፓስም ለሙያ ጀማሪዎች የተጻፉ ክፍት መጻሕፍት አሉት፣ የሥራ ደህንነት፣ የእጅ መሣሪያ፣ የኤሌክትሪክ መሠረታዊ ትምህርት። ቋንቋቸው ቀላል ነው ሥዕላቸውም ንጹህ።

አሁን «እንዳለ ልስጠው ወይ» ወዳልከው ልምጣ፣ ዋናው ጥያቄህ እሱ ነውና። መልሴ አትስጥ ነው። የታሪክ ወይ የሂሳብ አስተማሪ ከሌላ አገር የመጣ ፒዲኤፍ እንዳለ ቢሰጥ ቢበዛ ተማሪው ግራ ይጋባል፣ ያንተ ተማሪ ግን ሽቦ ነው የሚይዘው። የአሜሪካ መጽሐፍ ላይ ጥቁሩ ሽቦ ፌዝ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት) ነው፣ ነጩ ኒውትራል (የሚመለስበት)። የድሮው የእንግሊዝ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ቀዩ ፌዝ ነው፣ ጥቁሩ ኒውትራል! እንግሊዞቹ በ2004 እ.ኤ.አ ቡናማውን ፌዝ ሰማያዊውን ኒውትራል ወደሚያደርገው የአውሮፓ ቀለም መቀየር ጀመሩ፣ ከ2006 ወዲህ ለአዲስ ሥራ ግዴታ ሆነ። በል እንግዲህ አንተ ሦስት ፒዲኤፍ ከሦስት ቦታ አውርደህ ለአንድ ክፍል ብታከፋፍል ጥቁር ሽቦ አንዱ ተማሪ ጋ ገዳይ ነው ሌላው ጋ ኒውትራል ነው። ሁለቱም ያነበቡት ትክክለኛ መጽሐፍ ነው፣ ችግሩም ይሄው ነው።

ቀለሙ ብቻ አይደለም። የአሜሪካኖቹ ሥዕል 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ላይ የተመሠረተ ይሆናል፣ አንተ ጋ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ከሆነ የስሌቱ መልስ በሙሉ ይቀየራል። የሽቦ ውፍረት በጌጅ ይጽፉልሃል፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ሽቦው ይቀጥናል (ተማሪ ይሄን ሲሰማ ሁሌ ይስቃል)፣ 12 ጌጅ ያሉህ ወደ 3.3 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም በስኩዌር ሚሊሜትር ከሚሸጡት 2.5ም አይደለም 4ም አይደለም፣ እና ዝም ብለህ በቅርቡ ቁጥር መተካት የለም፣ ጭነቱን ይዘህ በምትሠራበት ደንብ እንደ አዲስ አስላው።

እኔ ራሴ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ። ማሽን ሾፕ ላይ ሳስተምር አንድ የሚያምር የአሜሪካ ድሮዊንግ አግኝቼ አባዝቼ አደልኩ፣ እነሱ በሰርድ አንግል ነው የሚስሉት እኛ ያስተማርነው ፈርስት አንግል ነው (የዕቃው የጎን እይታ ወረቀቱ ላይ በተቃራኒው በኩል ነው የሚቀመጠው)፣ የትኛው እንደሆነ የምትናገረውን ጥግ ላይ ያለችውን የሾጣጣ ምልክት ማን አይቷት። ግማሹ ክፍል ቀዳዳውን በግራ ግማሹ በቀኝ በስቶት መጣ። የባከነው ብረት አሁንም ያሳፍረኛል። ከዛን ቀን ወዲህ ያወረድኩትን ሥራ መጀመሪያ ራሴ ወርክሾፕ ገብቼ ባሉን መሣሪያዎች ከሀ እስከ ፐ ሳልሠራው ለተማሪ አልሰጥም፣ ስሠራውም በእርሳስ እያረምኩ ነው፣ ቮልቱን፣ ቀለሙን፣ መለኪያውን፣ የሌለንን መሣሪያ። ከዛ በኋላ አንድ ገጽ የሥራ ወረቀት ይወጣዋል፣ 80 ገጹ ይቀራል። አንተም ለነገ ከ40 ጊጋው ውስጥ አንድ ፋይል ምረጥና ዛሬ ማታ ሥራው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁትን የጥገና ማኑዋል ወደ አማርኛ ተርጉሜ በፎቶ ኮፒ ዋጋ ልሰጣቸው አስቤ ነበር፣ ጓደኛዬ ግን ትከሰሻለሽ አለችኝ። በነፃ የተለቀቀ ነገር እንዴት ያስከስሳል?

መልስ፦ ጓደኛሽ ትንሽ አስፈራርታሻለች ግን ውሸት አልተናገረችም። በነፃ ማውረድ መቻልና ክፍት መሆን ለየቅል ናቸው። ምንም ምልክት የሌለው ፋይል ባለቤቱ ዝም ስላለ ተፈቅዷል ማለት አይደለም፣ መብቱ በሙሉ እንደተጠበቀ ነው የሚቆጠረው፣ ቴሌግራም ላይ አንድ ሺህ ሰው ቢቀባበለውም ያው ነው። ክፍት የሚባለው ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደው ሲሆን ነው፣ በብዛት የሚታየው ፈቃድ ደግሞ ከ2002 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለው ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው። ክፍት የትምህርት ሀብት የሚለው ስያሜም በዛው ዓመት ነው ዩኔስኮ በጠራው ስብሰባ ላይ የወጣው።

የፈቃዱን ፊደላት እንዲህ አንብቢያቸው፣ ባይ (BY) ካለ የባለቤቱን ስም ጥሪ ነው፣ ኤስ ኤ ካለ ያንቺንም ሥራ በዛው ፈቃድ ልቀቂ ነው፣ ኤን ሲ ካለ ለንግድ አይሁን ነው፣ ኤን ዲ ካለ የቀየርሽውን አታሰራጪ ነው። አንቺን የምትመለከትሽ የመጨረሻዋ ናት፣ ምክንያቱም ትርጉም እንደ መቀየር ነው የሚታየው፣ ኤን ዲ ያለበትን ተርጉመሽ ለራስሽ ማንበብ እንጂ ማደል አትችዪም። ኤን ሲ ያለበትን መተርጎም ይቻላል፣ ማትረፍ ግን የለም፣ የፎቶ ኮፒው ዋጋ ላይ ጥርጣሬ ካለሽ ለባለቤቱ ኢሜይል ጻፊለት፣ ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ነው የሚፈቅዱት። ለምሳሌ አይፊክስኢት የሚባለው የጥገና መመሪያ ድረ ገጽ ባይ፣ ኤን ሲ፣ ኤስ ኤ ነው፣ ትተረጉሚያለሽ፣ ስሙን ትጠሪያለሽ፣ አትነግጂበትም፣ ትርጉምሽንም በዛው ፈቃድ ትለቂያለሽ። የመኪና አምራቾች የጥገና ማኑዋል ግን አብዛኛውን ጊዜ ምንም ፈቃድ የለውም፣ እሱን ተይው። ከመጀመሪያው ገጽ ግርጌ ላይ ርዕሱን፣ የጻፈውን ሰው፣ ያገኘሽበትን ሊንክና የፈቃዱን ዓይነት ጻፊ፣ ተርጓሚዋ እኔ ነኝ በዪ፣ በቃ።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። ስትተረጉሚ እባክሽ አዲስ ቃል አትፍጠሪ። ጋራዥ ውስጥ ካንዴላ የሚባለውን «የብልጭታ መሰኪያ» ብለሽ ብትጽፊ ተማሪው ሥራ ሲገባ አለቃው ካንዴላ አምጣ ሲለው ምን እንደሆነ አያውቅም። ኩሽኔታው ኩሽኔታ ይሁን፣ ካቻቢቴው ካቻቢቴ፣ ፍሪሲዮኑም እንደዛው። እንግሊዝኛው ስም አጠገቡ በቅንፍ ቢኖር ጥሩ ነው፣ በኋላ ራሱ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ ይጠቅመዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ እኔ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ነኝ፣ ዳታ ቶሎ ያልቅብኛል ስልኬም ሜሞሪው ትንሽ ነው። ሁሉም ዩቱብ እዪ ይሉኛል። ሌላ መንገድ የለም?

መልስ፦ አለ ልጄ። ፌት የሚባል የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሙሌሽን አለ፣ በ2002 እ.ኤ.አ የተጀመረ ነው፣ ሰርኪዩት መሥሪያው ስልክ ላይ ይሠራል፣ አንዴ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ከአንድ ቪዲዮ ያነሰ ቦታ ነው የሚይዘው። ሾርት ስታደርጊ ባትሪው ሲነድ ታያለሽ፣ እሳቱ ስክሪን ላይ ብቻ ስለሆነ እንደፈለግሽ አቃጥዪ። ግን ሶልደር ማድረግ አያስተምርሽም፣ እሱ ያው በእጅ ነው።

ከዛ ውጪ ብቻሽን አትልፊ። ኪዊክስ በሚባል አፕ ዊኪፔዲያና ሌሎች ድረ ገጾች በፋይል ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይነበባሉ፣ ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ አንድ ኮምፒውተር ላይ ከተጫነ በአካባቢው ያሉ ስልኮች በዋይፋይ ከሱ ላይ ትምህርቱን ያያሉ፣ የማንም ዳታ አይቆጥርም። ለአስተማሪያችሁ ይሄን አሳዪው፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። ቪዲዮ የግድ ከሆነ ጥራቱን 360 ላይ አድርጊው፣ የሚያወራ ሰው ፊት ለማየት ኤችዲ ምን ያደርግልሻል።

ጥያቄ፦ ብየዳ ላይ 30 ዓመት ሠርቻለሁ። ልጆቼ ቪዲዮ ቀርጸህ ልቀቅ ይሉኛል። ሌላ ሰው ወስዶ የኔ ነው ቢልስ?

መልስ፦ ጋሼ ልጆችዎ እውነታቸውን ነው፣ ይልቀቁት። ዩቱብ ላይ ሲጭኑ ፈቃዱን ክሪኤቲቭ ኮመንስ የሚለው ላይ ካደረጉት ሰው ወስዶ ቆርጦ ቀጥሎ ሊጠቀምበት ይችላል፣ ስምዎን ግን መጥራት ግዴታው ነው፣ ፈልገው ለሚመጡትም ፊልተር ውስጥ ይታያል። አንድ ይወቁ፣ ይሄ ፈቃድ አንዴ የወሰደው ሰው ላይ ተመልሶ አይነሳም። ይሄ ካልተመቸዎት በመደበኛው ፈቃድ ይልቀቁት፣ ያንንም ሰው አይቶ ይማርበታል፣ ቆርጦ መቀጠል ብቻ ነው የማይችለው።

ቀረጻውን በተመለከተ፣ ስልኩ ከፊት ለፊትዎ አይሁን እጁ ተገልብጦ ነው የሚታየው፣ በትከሻዎ ላይ ሆኖ እርስዎ የሚያዩትን ይይ። ካሜራው ፊት የብየዳ መስታወት ያድርጉበት፣ አለዚያ ነጭ ብርሃን ብቻ ነው የሚወጣው። ስክሪኑ ላይ የብረቱን ውፍረት፣ የኤሌክትሮዱን ቁጥርና ዲያሜትር፣ ማሽኑን ስንት አምፔር ላይ እንዳደረጉት ይጻፉበት፣ ኤሌክትሮዱ 60 13 ከሆነ 60 13 ብለው፣ ሌላ ቦታ ያለ አሰልጣኝ ያለዚህ ቁጥር ሥራዎን መድገም አይችልም። የተበላሸችውንም ብየዳ ከቪዲዮው ላይ አያውጧት፣ ለሁለት ሰንጥቀው ውስጧን ያሳዩ።